ለሐረር መንገድ የሞቱት አዛዥ

(በአርበኞች የድል በዓል ሐረር ከተማ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች አርበኞች፣ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የተከበራችሁ የሠራዊቱ መኮንኖችና ወታደሮች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ይህ በዓል በመጣ ቁጥር ሁላችንም አስቀድመን የምናውቀው ንግግር አለ። ከአድዋ ይነሣል፣ በማይጨው በኩል ያልፋል፣ የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ይጠቅስና ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ይፈጸማል። ንግግሩ እውነት ነው፤ አንድም ቃል የሚቀነስለት የለም። ነገር ግን በሌላ ከተማ ሙሉ የሆነው ንግግር እዚህ ሐረር ላይ ሲነገር ይጎድላል። የጎደለው ደግሞ የራሳችን ጦር ግንባር ነው። ጠላት ወደዚህች ከተማ የመጣው በማይጨው በኩል አይደለም፤ በኦጋዴን በኩል ነው።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ የጦር መሪ ጀግንነትና መሥዋዕትነት እንድናገር ሲጋብዙኝ ብዙዎቻችሁ ራስ መኰንንን አነሣለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። የሐረርን ጦር አስከትለው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊን ጦር ድል ያደረገውን ግስጋሴ የመሩ ናቸውና ቢነሡ ይገባቸዋል። ከእሳቸው ቀጥለው ብዙም ሳይቆዩ ይህችን አገር የገዙት ደጃዝማች ባልቻም በአድዋ መድፋቸው ይታወሳሉ። ሁለቱም ስማቸው አልጠፋም። እኔ ልናገርላቸው የመጣሁት ግን ስማቸው በዚህ አዳራሽ ቢጠራ ምናልባት ከአሥር ሰው አንዱ ብቻ ራሱን ለሚነቀንቅላቸው ሰው ነው። እሳቸውም የቆራሄው አዛዥ ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ናቸው።

ቆራሄ የት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ልንገራቸው፤ በድሮ ጽሑፍ ጎራሄ ተብሎም ታገኙታላችሁ። ከሐረር ተነሥታችሁ ባቢሌን ስታልፉ፣ በዳኬታ ሸለቆ የተደራረቡትን ድንጋዮች ትታችሁ የካራማራን በር ስትወጡ ጅጅጋ ትደርሳላችሁ። ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትወርዱ ደጋሐቡር አለ። ከደጋሐቡር እየሞቀ፣ እየተዘረጋ፣ ዛፉ እያጠረ በሚሄደው ምድር የፋፈንን ወንዝ ተከትላችሁ ስትገፉ ቆራሄን ታገኛላችሁ። ዛሬ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ያለችበት ዞን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በዚያ አገር መንገድ የሚባለው ውኃ ያለበት ነው። ውኃ ያለበትን የያዘ መንገዱን ያዘ፤ መንገዱን የያዘ ደግሞ ጅጅጋን፣ ቀጥሎ ሐረርን፣ ከዚያ ወርዶ ድሬዳዋንና የባቡሩን ሐዲድ ማየት ይችላል። በሶማሊያ በኩል የመጣውን የፋሺስት ጦር ይመራ የነበረው ግራዚያኒ ዓይኑን የተከለው ሐረር ላይ ነበር። በእሱና በሐረር መካከል ከነበሩት ምሽጎች ደግሞ ከፊት የቆመው ቆራሄ ነው።

ቦታው ከዚያ በፊትም ጦርነት ያውቃል። ቅኝ ገዥዎችን የተዋጉት የሶማሌው መሪ ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን በዘመናቸው ያሠሩት የድንጋይ ምሽግ እዚያ ነበር። አፈወርቅም ይህንኑ አሮጌ ምሽግ ለመከላከያ አዋሉት። ከበላዩም በእጃቸው የነበረችውን አንዲት ኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተከሉ። አንዲት ብቻ ናት። በየብስ ለሚመጣው መትረየስና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ከሰማይ ለሚመጣው ግን ከዚያች መድፍ በቀር ምንም አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ማዕረጋቸው ገና ግራዝማች ነበር።

ጦርነቱ በይፋ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው ይባላል። ለሰሜኑ ልክ ነው። ለእኛ ለምሥራቁ ሰዎች ግን የተጀመረው ከዚያ አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል በተባለው ቦታ ላይ ነው። በወልወል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የወደቁት ኢትዮጵያውያን የዚህ ጦርነት የመጀመሪያ ሟቾች ናቸው። ዓለም በጄኔቭ ተሰብስቦ የማን ጥፋት እንደሆነ ሲከራከር፣ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለከል፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ጥይት ሁሉ እየተቆጠረ ሲያዝ፣ በኦጋዴን የነበረው ጦር በዚያ ሙቀት ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ጦርነቱ መቼ ወደ እሱ እንደሚዞር እየጠበቀ ከረመ። አፈወርቅ የያዙት ጦር ይህ ነው። በቀለብ የተጎዳ፣ በወባ የተጠቃ ጦር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጠላት የድንበሩን ትናንሽ ሠፈሮች አንድ በአንድ ይዞ ቀረበ። ጥቅምት ሲገባ አውሮፕላኖቹ ወደ ቆራሄ መመላለስ ጀመሩ። አዛዡ ያን ጊዜ የት እንደነበሩ ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ የመጣሁበት ነገር እዚህ ላይ ነው። የጦር አዛዥ ከፎቅ ሥር፣ ከዋሻ ውስጥ፣ ከመልእክተኛውና ከካርታው ጋር ቢቀመጥ ማንም አይነቅፈውም። እሳቸው ግን ኦርሊኮኗ አጠገብ፣ ምሽጉ አናት ላይ፣ አውሮፕላኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቦታ ላይ ነበሩ። መድፏን ራሳቸው ይተኩሱ ነበር። ለምን እንደሆነ የጦር ሰዎች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ወታደሩ ከሰማይ የሚወርደውን ነገር መቋቋም እንደሚቻል ማመን የሚችለው የሚቋቋም ሰው ሲያይ ብቻ ነበር። ሰውየውን ያያል፣ መድፏ ስትጮህ ይሰማል፣ አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ሲሸሽ ይመለከታል። ያን ጊዜ እሱም በጉድጓዱ ይጸናል።

በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ በአንደኛው ድብደባ አፈወርቅ በቦምብ ክፉኛ ቆሰሉ። ቁስሉ በዚያ ሙቀት፣ በቂ ሕክምና በሌለበት የሚድን አልነበረም። መኮንኖቹ መኪና አቅርበው ወደ ኋላ ወደ ሆስፒታል እንውሰድዎ አሏቸው። እንቢ አሉ። እኔ ከዚህ ከሄድኩ ጦሩ ይበተናል አሉ። ቁስሉ እየጠናባቸው፣ ሰውነታቸው እየከዳቸው፣ አእምሯቸው እስኪስት ድረስ ከቦታቸው አልነቃነቅም አሉ። በዚያው ቁስል ሞቱ። ሲሞቱም የፈሩት ሆነ፤ አዛዡ እንደሞቱ ሲሰማ ጦሩ ቆራሄን ለቀቀ፣ ጠላትም ገባ።

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ሲያወሩት ሁለት ዓይነት አድርገው ሲያወሩት ሰምቻለሁ። አንደኞቹ በወኔ የተሞላ ሰው በስሜት ያደረገው ነገር አድርገው ያወሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በስሜት የሚደረግ ጀግንነት የአንድ ቅጽበት ነገር ነው። ሰው ጎራዴ መዝዞ ሲዘል፣ ጓዱ ሲወድቅ ደሙ ፈልቶ ሲሮጥ ስሜት ነው። አፈወርቅ ግን ቆስለው ተኝተው፣ መኪናው ቆሞ እየጠበቃቸው፣ ሕመሙ እየበረታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከማታ እስከ ጠዋት በየሰዓቱ እንደገና መወሰን ነበረባቸው። በየሰዓቱም ያንኑ ወሰኑ። የሕይወታቸውን ዋጋና ጦሩ በቦታው የሚቆይበትን እያንዳንዱን ቀን አመዛዝነው ቀኑን መረጡ። ከኋላ የሚመጣ እርዳታ መንገድ ላይ ነበረና አንድ ቀን ትልቅ ነገር ነበረች። ይህ ስሌት ነው፤ የአዛዥ ስሌት። እኔ በትምህርት ዘመኔም በማስተማር ዘመኔም ካነበብኩት የጀግንነት ታሪክ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ሁለተኞቹ ግን የሚያወሩት ስለ አዛዡ አይደለም፤ ስለ ጦሩ ነው። አዛዡ ሲሞቱ ሸሸ ይሉታል። ይህች አንዲት ቃል የምታደርሰውን ጉዳት አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁና ታግሣችሁ ስሙኝ።

በማስተምርበት ዘመን ሰፈራችን ሸዋ በር አካባቢ አንድ አባት ነበሩ። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ስንቅ እየጫኑ ወደ ኦጋዴን የወረዱ፣ ቆራሄም የነበሩ ሰው ናቸው። ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ሰው አንሥቶ ቢጠይቃቸው ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ማሽላው ያዞሩታል። አንድ የማይተዉት ልማድ ግን ነበራቸው፤ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ የያዙትን ይተዋሉ፣ እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አድርገው እስኪጠፋ ድረስ ይከተሉታል። የሰፈሩ ልጆች በዚህ ይስቁባቸው ነበር። በመጨረሻ ብዙ ለምኛቸው ክፍሌ እንዲመጡ እሺ አሉኝ። ያን ቀን ነጭ ጋቢያቸውን አጥፈው ደርበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በትራቸውን ከጥቁር ሰሌዳው አስደግፈው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ነበር። እሳቸውም ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ፋፈን ውኃ ቀለም ነገሯቸው። ውኃው ከወንዙ ሲቀዳ እንደ ጭቃ ሆኖ፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ያም ሆኖ እንደሚጣላበት ነገሯቸው። ስለ አዛዣቸው ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከእኛ በላይ ነበሩ» አሉ፤ በእጃቸውም ወደ ላይ አሳዩ። በማዕረግ ማለታቸው አልነበረም። ምሽጉ አናት ላይ ማለታቸው ነበር።

ይህን ጊዜ አንድ ተማሪ ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በክፋት አልነበረም። «አባባ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ለምን ሸሻችሁ?» አለ።

እኒያ አባት አልተቆጡም። ውኃ ጠየቁ። ብርጭቆውን ተቀብለው ጠጡ፤ ጨርሰው ጠጡ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ብርጭቆውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ልጁን፣ «ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት። ነገራቸው። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በትራቸውን አነሡ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ አመስግነው ወጡ። እኔ ተከትያቸው እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ በሩ ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ከቆራሄ በኋላ ያለውን ለምን አታስተምራቸውም?» አሉኝ።

ከቆራሄ በኋላ ያለውን እነሆ ዛሬ እናገራለሁ፤ ለእናንተም፣ ለዚያ ልጅም፣ በሕይወት ለሌሉት ለእኒያ አባትም።

ጠላት ቆራሄን ከያዘ በኋላ ድል ያደረገ መስሎት በታንክና በመኪና አሳዶ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ኅዳር ወር ገና ሲብት፣ ሐናሌ በተባለው ቦታ የፋፈንን ሸለቆ ተከትሎ ሲመጣ ኢትዮጵያውያን ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው ጠበቁት። ያ ሸሸ የተባለው ጦርና ለእርዳታ ከኋላ የመጣው ጦር ባንድነት ገጠሙት። ቀላል ታንኮቹ በዚያ ጫካና በዚያ ቀይ አፈር ውስጥ መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ የተማረኩም የተሰባበሩም ነበሩ። የጠላት ጦር ወደ መጣበት ወደ ቆራሄ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግራዚያኒ በዚህ ግንባር ወደ ሐረር የሚያደርገውን ትልቁን ዘመቻ የጀመረው መቼ ነው? በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቁጠሩ። ይህ ሁሉ ጊዜ የተገኘው ጦሩ ስለሸሸ ነውን? የኦጋዴን ጦር ሸሸ የሚለውን ቃል በዚህች ከተማ ከእንግዲህ ማንም እንዳይናገር እጠይቃለሁ። አጥብቄ እጠይቃለሁ!

በዚያ በተገኘው ጊዜ ውስጥ የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል፣ በቱርካዊው ጄኔራል በወሂብ ፓሻ ምክር እየተረዱ፣ በሳሳበነህና በደጋሐቡር አካባቢ መከላከያ አሠሩ። ከኢሉባቦር ድረስ በእግሩ አገር አቋርጦ የመጣ ጦር ገባ። አስቡት፤ የደጋና የዝናብ አገር ሰው፣ በጫካ ጥላ ያደገ ሰው፣ የኦጋዴንን ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ በዚያው ቀረ። በሚያዝያ ወር ጃናጎቦ ላይ በዋሻና በጉድጓድ ሆነው ለቀናት የተዋጉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጠላት በእሳት ወርዋሪና በቦምብ ካልሆነ ሊያስወጣቸው አልቻለም። በዚህ ግንባር የመርዝ ጋዝም ተረጭቷል። ነሲቡ ራሳቸው ከጦርነቱ ወጥተው ዓመት ሳይሞላቸው በስደት፣ በስዊዘርላንድ፣ በሳንባ በሽታ ሞቱ።

ሐረርንም ታውቋታላችሁ። ያልተመሸገች ከተማ መሆኗ ታውጆ ሳለ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሆስፒታሉም፣ የቀይ መስቀሉ ምልክትም አላዳናትም። ደጋሐቡር ሚያዝያ 22፣ ሐረር ሚያዝያ 30 ተያዙ። ነፃ የወጣችው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናከብረው በዓል ሲመጣ ሐረር ቀድማ ነፃ ወጥታ ነበር ማለት ነው፤ ይህንንም የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት መንገድ ወይም አንድ አደባባይ በደጃዝማች አፈወርቅ ስም እንዲሰየም ማመልከቻ ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ እዚህ ያሉትም የሌሉትም ያውቁታል። ማመልከቻዬን ተቀበሉኝ፣ ማኅተም መቱበት፣ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ስሙ በሕዝብ ዘንድ ስለማይታወቅ ለመሰየም አስቸጋሪ ነው።»

የተከበራችሁ እንግዶች፤ ስም የሚታወቀው ሲጠራ ነው! መንገድ ላይ ሳይጻፍ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይነገር፣ በበዓል ቀን ሳይጠራ አንድ ስም ከየት ይታወቃል? የሚታወቁትን ብቻ እየደጋገምን ካወደስን፣ የማይታወቁት የማይታወቁ ሆነው ይቀራሉ፤ ቀጥሎም ለምን አልተወደሱም ለሚለው ጥያቄ አለመታወቃቸውን መልስ አድርገን እናቀርባለን። ሰውየው ግን የሞቱት ለሚያውቃቸው ሕዝብ አይደለም። ከቆራሄ ምሽግ ላይ ሆነው የጁገልን ግንብ ማየት አይቻልም። የማያዩትን ከተማ፣ የማያውቋቸውን ሰዎች፣ ያልተወለድነውን እኛን ነው ከኋላቸው አድርገው የቆሙት። እኛ ደግሞ አናውቃቸውም ብለን ማኅተም መታን!

ለመኮንኖቹ አንድ ነገር ልበል፤ በሙያችሁ ላይ መምህር ሆኜ ሳይሆን በታሪክ መምህርነቴ። ደጃዝማች አፈወርቅ ካልሄድኩ ጦሩ ይጸናል ብለው ሲቀሩ፣ ሕይወታቸውን የሰጡት አንድ ሰው ብቻ መሸከም የማይገባውን ሸክም ተሸክመው ነበር። በአድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የመድፉን ጦር ባልቻ ተረከቡት፤ ሕዝቡም ይህን በግጥም አድርጎ እስከ ዛሬ ይለዋል። በቆራሄ ግን ጦሩ አዛዡን እንጂ ከአዛዡ ቀጥሎ ያለውን አያውቅም ነበር። ይህ የአፈወርቅ ጉድለት አይደለም። ጦሩን ወደዚያ በረሃ ልኮ፣ አንዲት መድፍ ሰጥቶ፣ ሐኪም ሳያስከትል፣ ተተኪ ሳያዘጋጅ የተወው የአሠራር ጉድለት ነው። በዚህ ከተማ የጦር አካዳሚ ነበረን፤ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት መኮንን ወጣበት። አንድ አዛዥ ቢወድቅ ሁለተኛው ወዲያው እንዲተካ የሚያስተምር ተቋም ሐረር ላይ መመሥረቱን እኔ ሁልጊዜ ከቆራሄ ጋር አያይዤ አስበዋለሁ። የመሪን ጀግንነት ስናወድስ ጀግናው ብቻውን የቀረበትን ምክንያት ካልጠየቅን ውዳሴያችን ግማሽ ነው።

ስለ ጦሩ ማንነትም በአጭሩ ልናገር፤ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነውና። በኦጋዴን ግንባር የተሰለፈው የአንድ ወገን ሰው አልነበረም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ከምዕራብ የመጣው ሁሉ ነበረበት። ከጣሊያን ሶማሊያ ተነሥተው፣ ቅኝ ገዥውን ወግተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ዑመር ሰመተር ወልወል ላይም ከዚያ በኋላም ከኢትዮጵያ ወገን ሆነው ተዋግተዋል። ይህንን የማነሣው ዛሬ የየራሳችንን ጀግና ለየብቻ የመቁጠር ልማድ ስለበዛ ነው። የቆራሄን ጉድጓድ ውኃ ባንድነት አጣርተው የጠጡትን ሰዎች በየጎሣቸው አውጥቶ መቁጠር አይቻልም፤ ቢሞከርም ነውር ነው።

በስተመጨረሻ የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ።

ተማሪዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ አያቶቻችሁ የነገሯቸው አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ አሉ። ከኦጋዴን የተመለሰ አያት፣ ያልተመለሰ አያት፣ የተላከ ደብዳቤ፣ የቀረ ሜዳይ ካለ ጠይቁና ጻፉት፤ ለመምህራኖቻችሁ አምጡ። ትምህርት ቤቶችም በዚህ ላይ ትንሽ ጊዜ ስጡ።

የበዓሉ አዘጋጆች፤ የሚቀጥለው ዓመት መርሐ ግብር ሲዘጋጅ የኦጋዴን ግንባር በስሙ እንዲጠራበት፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከጅጅጋ የተውጣጡ ሰዎች ወደ ቀብሪ ደሃር ሄደው ቆራሄ ላይ የአበባ ጉንጉን እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ ላለመሄድ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም።

ደጃዝማች አፈወርቅ ማዕረጋቸውን ያገኙት ከሞቱ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በኅዳር ወር በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ ወርደው ግንባሩን ሲጎበኙ ለቆራሄ ሥራቸው ክብር ተሰጣቸው። መንግሥት ዕዳውን በዚያን ጊዜ በአቅሙ ከፍሏል። የከተማዪቱ ዕዳ ግን አልተከፈለም። ማመልከቻው እንደገና ተጽፎ እነሆ በእጄ ይዤዋለሁ። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ፊርማችሁን ልትጨምሩበት የምትፈልጉ ሁሉ ከዝግጅቱ በኋላ በአዳራሹ በር በኩል ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔም እዚያው እቆያለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።